ግዛቱን በቀን 100 ሺህ ዶላር የቀጣው ፍርድ ቤት

ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባት ሲያትል ያለችው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ነው። የግዛቱ የ1889 ሕገ መንግሥት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለልጆች ትምህርት በቂ ገንዘብ መመደብ የመንግሥት ቀዳሚ ግዴታ ነው ይላል።

በተግባር ግን የትምህርት ቢሮው ጥያቄውን ያቀርባል፣ ገዥው ረቂቁን ያወጣል፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በየኮሚቴያቸው ይቆራርጡትና የሁለት ዓመት በጀት ያጸድቃሉ። ጉድለቱ ወደ ትምህርት ወረዳዎች ይገፋል። ወረዳዎቹም ነዋሪውን በድምፅ አስፈቅደው የቤትና የመሬት ግብር ይጨምራሉ። ውድ ቤት የሞላበት ሰፈር በትንሽ ጭማሪ ብዙ ይሰበስባል፤ ድሃው ሰፈር ከፍሎም አይሞላለትም።

በ2007 ወላጆችና የትምህርት ወረዳዎች ግዛቱን ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ፈረደላቸው፤ ለማስተካከያም እስከ 2018 ጊዜ ሰጠ። ምክር ቤቱ የተሟላ ዕቅድ እንኳ ማቅረብ አልቻለም። በ2014 ግዛቱ ፍርድ ቤት ደፍሯል ተባለ፤ በነሐሴ 2015 ደግሞ በቀን 100 ሺህ ዶላር ቅጣት ተጣለበት።

«በጀት የማውጣት ሥልጣን የእኛ ነው» የሚለው የእንደራሴዎቹ መከራከሪያ ባዶ አልነበረም፤ ዳኛ ግብር አይጥልም። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የያዛቸው እነሱው በ2009 ባወጡት የትምህርት ሕግ ነው። የገዛ ቃልህን ፈጽም መባል ደግሞ ሥልጣን መነጠቅ አይደለም።

በ2017 የግዛቱን የንብረት ግብር ከፍ አድርገው የወረዳዎቹን ጣሪያ ዝቅ አደረጉ። ፍርድ ቤቱ መዝገቡን በሰኔ 2018 ሲዘጋ ቅጣቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። በ2019 ያው ምክር ቤት የወረዳዎቹን ጣሪያ መልሶ ከፍ አደረገው።