የእግር ውሃ መቋጠር

የእግር ውሃ መቋጠር ቆዳ ከካልሲና ከጫማ ጋር ደጋግሞ ሲፋተግ የላይኛው ሽፋኑ ከውስጥ ተላቆ በመካከሉ ጥርት ያለ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ጉዳት ነው። አዘውትረው በሚሮጡ፣ ረጅም መንገድ በእግር በሚሄዱና እንደ ቴኒስ ድንገት መቆምና መዞር የሚበዛበት ስፖርት በሚጫወቱ ሰዎች ላይ ይበረታል። በብዛት የሚታየው በተረከዝ፣ በጣቶች ጫፍና ጎን፣ እንዲሁም ከአውራ ጣት ሥር ባለው የውስጥ እግር ክፍል ላይ ነው። ብዙ ሰው እንደ ተራ ነገር ቢያልፈውም ስፖርተኛን ለቀናት ከልምምድ ያስቀራል፤ ከመረቀዘም ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በጥቂት ጥንቃቄ መከላከል ይቻላል።

አፈጣጠሩ

እግር መሬት ረግጦ ሲገታ ቆዳው በካልሲው ተይዞ ይቀራል፤ በውስጡ ያለው አጥንት ግን ወደፊት መንሸራተቱን ይቀጥላል። በዚህ መጎተት መካከል ያለው የቆዳ ክፍል ይሳሳባል። ይህ በሺህ ለሚቆጠር እርምጃ ሲደጋገም በላይኛው ቆዳ ውስጥ ያሉ ሕዋሶች ይላቀቃሉ፤ ክፍተቱንም ፈሳሽ ይሞላዋል። ውሃ የሚቋጥረው በተለይ እንደ ተረከዝና ውስጥ እግር ቆዳው ወፍራም የሆነ ቦታ ነው። ቀጭን ቆዳ ግን ውሃ ከመቋጠር ይልቅ ይላጣል።

እርጥበት ጉዳቱን ያፋጥነዋል። በላብ ወዝ ያለው ቆዳ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ ከካልሲው ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያቃጥላል። ይህ ጊዜ ጉዳቱን በቀላሉ ማስቆም የሚቻልበት የመጨረሻ ዕድል ነው። አንዴ ከተቋጠረ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ አዳዲስ ሕዋሶች በብዛት መባዛት ይጀምራሉ፤ በ120 ሰዓት ወይም በአምስት ቀን ገደማ ደግሞ አዲስ የላይኛ ሽፋን ይሠራል።

በሰሜን ሸዋ መልክዓ ምድር

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በ10,000 ሜትር የ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚ የተወለደችው በዚህችው ከተማ አቅራቢያ በጫጫ ነው። በደጋው የአየር ጠባይ ላብ አይበዛም፤ እርጥበቱ ግን በሌላ መንገድ ይመጣል። በክረምት ጭቃው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ የማለዳው ውርጭና ጤዛ የሣር ሜዳ ላይ የሚሮጠውን ሰው ጫማ ያርሳል። እግሩ ስለቀዘቀዘም የሚቆረቁረውን ቦታ ቶሎ ላያውቀው ይችላል።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው አንኮበር ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ፈተናው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰው እግሩ በጫማው ውስጥ ወደፊት ይንሸራተታል፤ ጣቶቹም ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ። ሲመለስ ዳገቱ ላይ ተረከዙ እየተነሳ ከጫማው ጀርባ ጋር ይፋተጋል። የቁልቁለቱ ጉዳት ከቴኒስ ተጫዋች ጉዳት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ኳስ ተከትሎ ሮጦ በድንገት የሚገታ ተጫዋች ጣቶቹ በተደጋጋሚ ስለሚመቱ ከጥፍሩ ሥር ደም ይቋጥርና ጥፍሩ ይጠቁራል።

ሁለት ታሪካዊ ምሳሌዎች

በሸዋ ደጋ ጃቶ በተባለ ቦታ የተወለደው አበበ ቢቂላ ለሮም ኦሊምፒክ ሲሄድ ጫማው አርጅቶ ስለነበር እዚያው አዲስ ገዛ። አዲሱ ጫማ ግን ስላልተስማማው እግሩ ውሃ ቋጠረ። ስለዚህ ቀድሞም በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደው አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማራቶኑን ያለ ጫማ ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮም አሸነፈ። ይህን ለማድረግ ያስቻለው ለዓመታት የደደረ ውስጥ እግሩ ነው፤ ስለዚህ ድሉ ባዶ እግር ለሁሉም ይሻላል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ራሱ አበበም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ድል አግኝቷል።

ሁለተኛው ታሪክ አሳዛኝ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ የ16 ዓመት ልጅ፣ ትንሹ ካልቪን፣ ሰኔ 23 ቀን 1916 ዓ.ም. በዋይት ሃውስ ሜዳ ያለ ካልሲ ቴኒስ ተጫውቶ የእግሩ ጣት ውሃ ቋጠረ። ቁስሉ በባክቴሪያ ተመርዞ መርዙ ወደ ደሙ ገባ፤ ልጁም ሰኔ 30 ቀን ሞተ። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። ዛሬ መድኃኒት ቢኖርም ቸል የተባለ ቁስል አሁንም አደገኛ ነው።

መከላከያ

ጫማ፦ እግር በቀኑ ውስጥ ስለሚያብጥ ጫማ ሲገዛ ከሰዓት በኋላ፣ ስፖርት በሚሠራበት ካልሲ መለካት ይገባል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ሊኖር፣ ተረከዙ ግን ሊላቀቅ አይገባም። ክሩን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አሳልፎ ማሰር ተረከዙን አጥብቆ ይይዛል። አዲስ ጫማ በአጫጭር ልምምድ ይለመዳል እንጂ በውድድር ቀን አይጀመርም። ለቴኒስ የጎን እንቅስቃሴን የሚደግፍ ጫማ ያስፈልጋል፤ የሩጫ ጫማ የሚሠራው በዋናነት ወደፊት ለመሄድ ነው።

ካልሲ፦ የጥጥ ካልሲ ላብን ይዞ ስለሚቆይ ከሰው ሠራሽ ክር ወይም ከለስላሳ የበግ ጸጉር የተሠራ ይመረጣል። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ስለሆነ ለምንጣፍና ለዝተት እንጂ ለስፖርት ካልሲ አይስማማም። ሁለት ቀጫጭን ካልሲ ደርቦ ማድረግ ፍትጊያው በካልሲዎቹ መካከል እንዲሆን ይረዳል። ካልሲው ሽብሽብ እንዳይሠራ ማስተካከልና ሲረጥብ መቀየር ያስፈልጋል።

ቆዳ፦ ከስፖርት በፊት ዘወትር የሚጎዳውን ቦታ በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጥናት ይህ ርካሽ ፕላስተር በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ ውሃ መቋጠርን በ40 በመቶ ቀንሷል። ቫዝሊን ለአጭር ጊዜ ፍትጊያን ይቀንሳል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ሊጨምረው ስለሚችል እንደገና መቀባት ያሻል። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል።

ማድረቅ፦ የራሰ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማኖር ይሻላል። እሳት ዳር ማድረቅ የሶሉን ማጣበቂያ ያላቅቃል። ሁለት ጫማ ያለው ሰው እያፈራረቀ ቢጠቀም ይመረጣል።

እንክብካቤ

ትንሽና የማያም ከሆነ ሳይፈርጥ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በንጹሕ ጎዝ ወይም በፕላስተር ይሸፈናል። ትልቅና መርገጥ የሚከለክል ከሆነ ቦታው ተጠርጎ በተቀቀለ ወይም በአልኮል በጸዳ መርፌ ከጠርዙ ይበሳል። ፈሳሹ ከወጣ በኋላ የላይኛው ቆዳ አይላጥም፤ የታችኛውን ጥሬ ቆዳ የሚጠብቀው እርሱ ነው። መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ወይም ትኩሳት ከታየ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ራሱ መብሳት የለበትም፤ እግሩ ሕመሙን ላይሰማው፣ ቁስሉም ቶሎ ላይድን ይችላል።

ተዛማጅ የእግር ችግሮች

በጣቶች መካከል የሚወጣው ፈንገስ እግር ታጥቦ በደንብ ባለመድረቁ ይባባሳል፤ የጫማና የካልሲ ንጽሕናም ይከላከለዋል። የተረከዝ ንቃቃት ከታጠቡ በኋላ ቅባት በመቀባት ይቀንሳል። በባዶ እግር መሄድ ደግሞ ለሙጀሌ ያጋልጣል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለዓመታት ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር በባዶ እግር መርገጥ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ያስከትላል፤ ሕዝቡም በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል። በሽታው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በየቀኑ በመታጠብ ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ለሯጩ ትክክለኛ ጫማ የውጤት ጉዳይ ከሆነ፣ እርሻ ለሚውለው ገበሬና ከብት ለሚጠብቀው ልጅ ጫማ ማግኘት ራሱ የጤና መሠረት ነው።