ፉስጣጥና የአፍሮዲቶው ሹም

የዐረብ ሠራዊት በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የያዛቸውን አገሮች እንዴት ያስተዳድር እንደነበር በአብዛኛው የምንሰማው ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ከጻፉ ሰዎች ነው። ግብፅ ግን የተለየች ናት፤ ደረቁ አሸዋዋ በደንገል ወረቀት የተጻፉ የመሥሪያ ቤት ሰነዶችን ሳይበሰብሱ አቆይቷል።

ዐምር ኢብን አል-ዓስ ግብፅን ሲይዝ እስክንድርያን ትቶ፣ በባቢሎን ምሽግ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ641 ወይም በ642 ፉስጣጥን ቆረቆረ። በኢራቅ ባስራና ኩፋም አጀማመራቸው ተመሳሳይ ነው። ሦስቱም የወታደር ሰፈሮች ነበሩ። ነገዱ ቦታ ተመርቶ ይሰፍራል፤ መሐል ላይ መስጊድ ይቆማል፤ ወታደሩም ስሙ በመዝገብ (በዲዋን) ሰፍሮ ደመወዝና ቀለብ ይቆረጥለታል።

ቀለቡን የሚያቀርበው ገበሬው ነው። የሚሰበስበውስ ማን ነው? ድል አድራጊዎቹ የቢዛንታይንን የግብር መዋቅር ከነሹማምንቱና ከነቋንቋው ተረከቡት። በቪየና የሚገኝ፣ በግሪክኛና በዐረብኛ የተጻፈ የ643 ዓመት ሰነድ አንድ አዛዥ ለሠራዊቱ 65 በጎች መረከቡን ያረጋግጣል፤ በጎቹም ከግብር እንደሚታሰቡ በጀርባው ተጽፏል። (ደረሰኝ የሚሰጥ ድል አድራጊ በታሪክ ብዙ አያጋጥምም።)

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በ1901 በላይኛው ግብፅ፣ በጥንቷ አፍሮዲቶ የተገኘው ክምችት ነው። በውስጡ ከ709 ጀምሮ አገረ ገዥ የነበረው ቁራ ኢብን ሸሪክ ለአካባቢው ክርስቲያን ሹም ለባሲልዮስ የላካቸው ደብዳቤዎች አሉ። ገንዘብና እህል ባስቸኳይ ላክ፣ ለመርከቦች ቀዛፊ፣ በደማስቆና በኢየሩሳሌም ለሚሠሩት መስጊዶች ሠራተኛ አቅርብ፣ ግብር ሸሽተው የጠፉትን ፈልግ ይላሉ። ካዘገየ ዛቻ ይከተላል።

የሕግ ሰው ግን ይበልጥ ቆም ብሎ የሚያነበው የብድር ክርክሮቹን ነው። ገንዘቡን የተከለከለ ሰው ለአገረ ገዥው አቤት ሲል ቁራ ራሱ አይፈርድም። ማስረጃ ካቀረበ መብቱን አስከብርለት፣ ነገሩ ሌላ ከሆነ ጻፍልኝ ብሎ ለባሲልዮስ ያዛል። በጎ ሥርዓት ይመስላል። ይሁንና ማስረጃውን የሚመዝነው፣ ከዚያው ገበሬ ግብር የሚሰበስበውና ግብሩ ሲጎድል የሚዛትበት ያው አንድ ሰው ነው። ባለዕዳው ገበሬ ክርክሩን ቢረታ እንኳ፣ በማግስቱ ግብር ፍለጋ በሩን የሚያንኳኳው ዳኛው ነበር።

የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች ቁራን ጨቋኝ ይሉታል። እኔ ከደብዳቤዎቹ የማየው ሒሳቡን የሚያውቅና የሚቸኩል አስተዳዳሪ ነው። ዐረብኛ የግብፅ መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ እንዲሆን በ706 ገደማ ቢታዘዝም፣ ቁራ ከዓመታት በኋላም ለባሲልዮስ በግሪክኛ ጭምር ይጽፍ ነበር።