ጽንዓት፦ ስለ ሌዘር ምት

«ጸንዐ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣው ጽንዓት፣ በምት በምት ለሚፈነጥቀው የሌዘር ብርሃን ሲነገር፣ እያንዳንዱ ምት ከቀደመው ጋር በጉልበትም በአቅጣጫም ተካክሎ ለረጅም ጊዜ መዝለቁ ነው። ይህን የሚመረምር ሊቅ የየምቱን ጉልበት ለየብቻው መዝግቦ፣ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋልል በመቶኛ ያሰላል፤ በሙቀት የሚሠራው ዘገምተኛ መለኪያ ግን የብዙውን ምት አማካይ ብቻ ስለሚነግር፣ የውስጡን ሁከት ይሰውርብናል። ከቅጽበታዊው መዋለል ሌላ፣ መሣሪያው ሲግል ወይም ጋዙ ሲያረጅ ቀስ ብሎ የሚመጣ ዝንፈት አለ፤ እኔ አብልጬ የምፈራው ይህን ነው፤ 193 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የአርጎን ፍሎራይድ ሌዘር፣ ኮርኒያ የተባለውን የዓይን ፊተኛ ሽፋን በአንድ ምት የማይክሮሜትር ሩብ ያህል ሲገፍፍ፣ የዘፈቀደው መዋለል በምቶቹ ብዛት እርስ በርሱ ይቻቻላል፣ ዝንፈቱ ግን በአንድ ወገን እየተጠራቀመ የታማሚውን እይታ ያዛባልና።