ሥራን የማቆም ሥልጣን፦ ብክነትን የመቀነስ ዘዴ አመጣጥ

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ዕቃን ማጣራት፣ በቦታው ማስቀመጥና ማጽዳት በብዙ መሥሪያ ቤቶች ተለምዷል። የዘዴው ታሪክ ግን የሚጀምረው ከመደርደሪያ ሳይሆን ከሽመና መሣሪያ ነው።

የአናጢ ልጅ የነበረው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያጠናቀቀው አውቶማቲክ የሽመና መሣሪያ ክር ሲበጠስ ራሱን ያቆም ነበር። ጨርቁ እንከን ይዞ ስለማይቀጥል አንድ ሠራተኛ ብዙ መሣሪያዎችን ለመቆጣጠር ቻለ። ስሕተትን መጨረሻ ላይ ከመልቀም በተፈጠረበት ቦታ መያዝ የሚለው ሐሳብ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ኪይቺሮ በ1937 ያቋቋመው የቶዮታ አውቶሞቢል ኩባንያ ከጦርነቱ በኋላ ለመክሰር ተቃረበ። በ1950 ከሠራተኞቹ ጋር ብርቱ ግጭት ተነሣ፤ ብዙዎች ሥራቸውን ለቀቁ፤ ኪይቺሮም ከኀላፊነቱ ወረደ። እንግዲህ ብክነትን መቀነስ ለዚህ ድርጅት የመኖር ወይም ያለመኖር ጥያቄ ነበር። መሐንዲሱ ታይቺ ኦኖ ብክነትን በ7 ከፈለው፤ እነርሱም ከመጠን በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ አላስፈላጊ ማጓጓዝ፣ ትርፍ አሠራር፣ ክምችት፣ ከንቱ እንቅስቃሴና እንከን ናቸው። ከሁሉ የከፋ ያለው የመጀመሪያውን ነው፤ የተከመረ ዕቃ ሌላውን ጉድለት ይሸፍናልና።

ጀነራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ፣ በፍሪሞንት ከተማ የነበረውን ፋብሪካ በ1982 ዘጋ። ፋብሪካው ከሥራ በመቅረትና በጥራት ማነስ ስሙ የጎደፈ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ በመቶ የሚቆጠሩትም ጃፓን ሄደው ሠለጠኑ። ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ ሥራውን እንዲያስቆም ተፈቀደለት፤ ጥራቱም በአጭር ጊዜ ተሻሻለ። እዚያ በመሐንዲስነት የሠራው ጆን ክራፍሲክ በ1988 ዘዴውን «ሊን» ሲል ሰየመው። («ቀጭን» ብንለው መክሳትን ስለሚያሰማ እንዳለ መተዉ ይሻላል።) ገመድ መስቀል ለማንም ቀላል ነው፤ የሳበውን ሠራተኛ የማይቆጣ አለቃ ማፍራት ግን ረጅም ትምህርት ይጠይቃል።

የመማሪያ መጽሐፍ ረቂቅ ከአዘጋጅ ወደ አርታዒ፣ ከአርታዒ ወደ ማተሚያ ቤት ሲጓዝ ጉድለቱን አጥርቶ የሚያየው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው መምህር ነው። ያን ጊዜ መጽሐፉ ታትሞ ተከምሯል። ስለዚህ ረቂቁ በጥቂት ትምህርት ቤቶች በሚሞከርበት ወቅት፣ መምህሩ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ ኅትመቱ ምላሽ እስኪገኝ እንዲቆይ የማድረግ ሥልጣን ቢሰጠው፣ የዕቅድ ክፍሎችም ለዚህ የሚሆን ጊዜ በመርሐ ግብራቸው ቢይዙ፣ የፍሪሞንቱን ገመድ በእኛ ሙያ ልንሞክረው እንችላለን።