የሁለት እናቶች ድርድር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ወረታን አልፎ እንፍራዝ ሲቃረብ የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ይታያል። ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደሆኑ ይነገራል። እኒህ ንጉሥ ወደዚህ ዓለም የመጡት ሁለት ባላንጣ እናቶች ልጅ በልጅ ከተለዋወጡ በኋላ ነው።

በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ በተባለ ስፍራ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ተገደሉ። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ አመለጡ፤ ልጃቸው መሐመድ ግን በዐፄ ገላውዴዎስ እጅ ወደቀ።

ድል ወንበራ የኢማም ማሕፉዝ ልጅ ናቸው። አባታቸውን በ1509 ዓ.ም. የገደለው የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ነበር። «ፉቱሕ አል ሐበሻ» እንደሚተርከው፣ ወታደሩ ቅር እያለው ከባላቸው ጋር ዘምተዋል፤ አስቸጋሪውን ዳገት በሰው ትከሻ ተሻግረዋል፤ ሁለት ልጆችም የወለዱት በዘመቻ ላይ ነው።

በሌላው ወገን የነበሩት የልብነ ድንግል ባለቤት፣ የገላውዴዎስም እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናቸው። ባላቸው በ1533 ዓ.ም. መባቻ በስደት ደብረ ዳሞ ላይ ሞቱ። ልጃቸው ሚናስ ቀድሞ ተማርኮ ነበር። ኢማሙ ከቱርኮች የጦር ርዳታ ሲሹ እጅ መንሻ አድርገው የመን፣ ዘቢድ ላለው ባሻ ላኩት።

የእናቶቹ ድርድር የተጀመረው እንግዲህ አንዱ ልጅ በቤተ መንግሥት፣ ሌላው ከባሕር ማዶ ታስረው ሳሉ ነው። በሁለቱም ወገን ምርኮኛውን ለመልቀቅ የሚያመነታ አልጠፋም። ከሁሉ የከበደው የድል ወንበራ ፈንታ ነበር፤ ሚናስ ያለው በእሳቸው ሳይሆን በባሻው እጅ ነውና። ሆኖም ልውውጡ ተፈጸመ፤ ወንድማማቾቹ ሚናስና ገላውዴዎስ ሲገናኙ ለቀናት ደስታ እንደሆነ የዘመኑ ዜና መዋዕል ይነግረናል።

ይህን ሰላም ብሎ መጥራት ግን ይከብዳል። ድል ወንበራ በኋላ የሐረሩን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ፤ ገላውዴዎስም በመጋቢት 1551 ዓ.ም. ከኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አስመለሱ እንጂ ጦርነቱን አላስቆሙም።

ገላውዴዎስ ወራሽ ልጅ ስላልነበራቸው ዘውዱን የጫነው ያው ከዘቢድ የተመለሰው ሚናስ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲሞት ልጁ ሠርፀ ድንግል፣ በአያቱ በሰብለ ወንጌል ድጋፍ፣ በልጅነቱ ነገሠ። የጉዛራ ግንብ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።