ፊትና ርቀት፦ በወሲብ ንግድ ማስታወቂያ ፎቶ ላይ መልክን ስለማሳየት

ቴሌግራምና መሰል መድረኮች ከተስፋፉ ወዲህ በኢትዮጵያ ከተሞች የወሲብ ንግድ በከፊል ከቡና ቤት ደጃፍና ከመንገድ ዳር ወደ ስልክ መስኮት ተዛውሯል። ይህን ተከትሎ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ሴቲቱ ለማስታወቂያ በምትለጥፈው ፎቶ ላይ ፊቷን ታሳይ ወይስ ትሸፍን? ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚሰጠው በገበያ ስሌት ነው። ፊት የሚታይበት ፎቶ ደንበኛን ያሳምናል፤ የተሸፈነው ያጠራጥራል ይባላል። ይህ መጣጥፍ ስሌቱ ትልቁን ኪሳራ እንደሚዘነጋ ይከራከራል። በአገራችን በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ከማንኛውም ሕግ በላይ የተጠለሉት ከትውልድ ቀያቸው በመራቅ ነው። ፊትን የሚያሳይ ፎቶ ይህን ርቀት ያፈርሳል፤ አንዴ የፈረሰውንም መልሶ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ፊትን አለማሳየት የተለመደው አሠራር ሊሆን ይገባል። ማሳየት ካስፈለገም ውሳኔው የሴቲቱ ብቻ መሆን አለበት፤ ደላላም ሆነ ደንበኛ በግድ ሊጠይቃት አይገባም።

የርቀትን ከለላ ለመረዳት የሥራውን ታሪክና የሰዎቹን ጉዞ ማየት ያስፈልጋል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1974 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት የወሲብ ንግድን የኢትዮጵያ ታሪክ ዘርዝረዋል። በዚሁ አቆጣጠር ላቀች ድራሴ በ1991 በታተመው የአዲስ አበባ ጥናታቸው፣ ቤተልሔም ተኮላም በ2005 በታተመው ሥራቸው ሴቶቹን ወደዚህ ኑሮ ያመጣቸውን ድህነትና ማኅበራዊ ሁኔታ መርምረዋል። በእነዚህ ሥራዎች ጀርባ የምትታየው ትዳሯ የፈረሰባት፣ መሬት ወይም ሥራ ያጣች፣ ከአገሯ ወጥታ ወደ ከተማ የመጣች ሴት ናት። ይህን ወደ ሰሜን ጎንደር መልሰን እንየው። ከጎንደር በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ሽሬ የሚሄደው መንገድ ዛሪማንና አዲ አርቃይን ያቋርጣል። እንደ ዛሪማ ባለች ትንሽ ከተማ እያንዳንዷ ልጅ የማን ልጅ፣ የማን እህት እንደሆነች ይታወቃል። የዛሪማ ልጅ እዚያው ሆና በዚህ ሥራ መተዳደር እጅግ ይከብዳታል። ጎንደር፣ መተማ ወይም አዲስ አበባ ሄዳ ግን ስሟን ቀይራ ልትሠራ ትችላለች። ለእናቷ ገንዘብ ትልካለች፤ ለፋሲካ ስትመጣም ሆቴል ቤት እንደምትሠራ ትናገራለች። ይህን ውሸት ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ሥራውን ትታ ለመመለስ፣ ትንሽ ሱቅ ለመክፈት፣ እንደገና ትዳር ለመያዝ የሚያስችላት መተላለፊያ ይኸው አለመታወቅ ነው። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ከሆነ በኋላ መተላለፊያው ይዘጋል።

ፎቶ ከቡና ቤት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቡና ቤት ውስጥ የሚያያት ወደዚያ የሄደ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ማየቱን ለመናገር ለምን እንደሄደ ማስረዳት ይኖርበታል። ፎቶው ግን ወዳልሄደው ሰው ራሱ ይሄዳል። ከአንድ ቻናል ይቀዳል፣ ወደ ሌላው ይላካል፤ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለ የአገሯ ልጅ እጅ ይገባል፤ ከዚያም በአንድ ጠቅታ ወደ ዛሪማ ይመለሳል። እንደ ፒምአይስ ያሉ የፊት መፈለጊያ መሣሪያዎች ደግሞ ሰው እንኳ ባይለያት ፊቷን በኢንተርኔት ላይ ካሉ ሌሎች ምስሎች ጋር ያዛምዳሉ። ዘመድ በደስታ የለጠፈው የሠርግ ፎቶ የስሟ ማውጫ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የለጠፈችውን ማጥፋት የሚሉት መፍትሔም ቢሆን ሁልጊዜ በእጇ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ጎንደር ወይም ደባርቅ ሆና በሞባይል ዳታ ፎቶዋን ማጥፋት የፈለገች ሴት መንገድ አልነበራትም፤ ከክልሉ ውጭ ያለው ዓለም ግን ያለ እንቅፋት ሊያያት ይችል ነበር። የሰጡትን ፈቃድ መልሶ መውሰድ ካልተቻለ ፈቃዱ ራሱ ጎዶሎ ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ መተማመንን ይመለከታል። ደንበኛው ማንን እንደሚያገኝ ካላየ ይታለላል፤ ስለዚህ ፊቷን የማታሳይ ሴት ገቢዋ ይቀንሳል ይባላል። የገቢው ስጋት እውነተኛ ነው፤ በተለይ የቤት ኪራይና የልጅ ቀለብ ለምትከፍል ሴት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በአደባባይ የተለጠፈ ፊት ማንነትን አያረጋግጥም፤ የሌላ ሰው ፎቶ ሰርቆ መለጠፍ ቀላል ነውና። ማረጋገጫ የሚሆነው ከተነጋገሩ በኋላ በሚደረግ አጭር የቪዲዮ ጥሪ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሊቀዳ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል፤ ሆኖም ለአንድ ሰው እንጂ ለአገር ሁሉ አይታይም። ከዚህም በላይ የመተማመን ጥያቄው ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር በር ዘግቶ መቀመጥ ለአካሏ አደጋ የሚሆነው ለሴቲቱ ነው። ደንበኛው የራሱን ማንነት ደብቆ የእርሷን ፊት የሚጠይቅበት ሥርዓት አደጋውን በደካማው ትከሻ ላይ ይጭናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ መሸፈን ዋጋ የለውም የሚል ነው። ስልክ ቁጥሯ በስሟ የተመዘገበ ነው፤ በቴሌብር ገንዘብ ሲላክላትም ስሟ ለላኪው ይታያል። ፊቷን ሸፍና በአንገቷ ወይም በአገጯ ያለው ንቅሳት ከታየም የሚያውቃት ሰው ይለያታል። የክፍሉ ግድግዳ፣ በመስኮት የሚታየው ሕንፃ፣ በፋይል መልክ የተላከ ፎቶ የሚይዘው የቦታ መረጃ፣ እነዚህ ሁሉ ይናገራሉ። ይህ ትክክል ነው፤ የሚያሳየውም ፊትን መሸፈን ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ነገር ግን ቁጥር ይቀየራል፣ ክፍያ በእጅ ይሆናል፣ ንቅሳት በሻሽ ይሸፈናል። ፊት ግን አይለወጥም፤ ዕድሜ ልክ አብሯት ይኖራል። ከሌሎቹ መለያዎች ሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፦ ፊትን መሸፈን ነውሩን ያጸናል፤ ሴቶቹ በግልጽ ካልታዩ ማኅበረሰቡ እንደ ሰው ሊያያቸው አይለምድም የሚል። በዚህ ውስጥ እውነተኛ የክብር ጥያቄ አለ፤ አውቃና ፈቅዳ ፊቷን ለማሳየት የወሰነችን ሴት ልንነቅፍ አይገባም። ሆኖም ነውርን የመስበር ዋጋ መጀመሪያ የሚከፍለው ማነው? ኒውዚላንድ በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራውን ከወንጀልነት ባወጣችበት ሕግ ሴቶቹ የሥራ ደኅንነትና የፍትሕ ከለላ አግኝተዋል፤ ግልጽነት የሚቀለው እንዲህ ያለ ከለላ ሲቀድም ነው። ሥራው በራሱ ወንጀል ባልሆነባት ብሪታንያ እንኳ ቲላ ሳንደርስና ባልደረቦቻቸው በኢንተርኔት የሚሠሩ ሰዎችን ባጠኑበት ጥናት ማንነት የመጋለጥ ስጋት ጎልቶ ታይቷል። ምንም ከለላ ያልቀደመላት የዛሪማ ልጅ የለውጡ መሥዋዕት እንድትሆን መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም።

ፊት ቢታይ ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ ልጆችንና በግድ የሚሠሩትን መለየት ይቀል ነበር የሚሉም አሉ። የልጆች ጥበቃ ከሁሉ የሚቀድም ግዴታ ነው። ነገር ግን ዕድሜ በፎቶ አይታወቅም፤ የልጅ ፊት በአደባባይ መሰራጨቱም ጉዳቷን ያባዛል። ልጆችን የሚያድነው ፖሊስ ደላላውንና ገንዘቡን ተከትሎ ሲመረምር ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 634 የሚቀጣው ከሌሎች ዝሙት አዳሪነት የሚጠቀመውን ሰው ነው፤ አዋቂዋን ሴት ስለ ሥራዋ ብቻ አይቀጣም። ፊትሽን የሚያሳይ ፎቶ ካልላክሽ አላስተዋውቅሽም የሚል ደላላ ያንኑ ፎቶ በኋላ ማስፈራሪያ ሊያደርገው ይችላል።

ሕጉ መነሻ ይሰጠናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ምስል በማሰራጨት ሰውን ማስፈራራትን ወንጀል ያደርጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የጎደለው እነዚህ ድንጋጌዎች በዚህ ሥራ ለሚተዳደሩ ሴቶችም እንደሚሠሩ በተግባር ማሳየት ነው። ፖሊስ በፎቶ ማስፈራሪያ ደረሰብኝ ብላ የምትመጣን ሴት አቤቱታ ስለ ሥራዋ ሳይመረምራት ሊቀበል ይገባል። ከሴቶቹ ጋር የሚሠሩ የጤናና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለ ፎቶ፣ ስለ ስልክና ስለ ክፍያ ጥንቃቄ ከሌላው ትምህርት ጋር ማስተማር አለባቸው። ስለ እነርሱ የምንጽፍ ተመራማሪዎችና ጋዜጠኞችም ፊታቸውን ለትርኢት ማዋል ማቆም አለብን። አንዲት ሴት ዛሬ እንጀራዋን የምታገኝበት ሥራ ነገ የምትኖርበትን አገር ሊያሳጣት አይገባም፤ ፎቶን የሚመለከት ማንኛውም ምክርም ሆነ ደንብ መመዘን ያለበት በዚህ ነው።