ካሣ

በአገራችን ልጅ የሞተባት እናት ቀጥላ ለወለደችው ልጅ ካሣ፣ ካሣሁን፣ ምትኩ ብላ ስም ታወጣለች። ቋራ ተወልደው ኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ንጉሥም የልጅነት ስማቸው ካሣ ነበር። ካሣ የጠፋውን የሚተካ ማለት ነው። በሥራ ላይ የተቆረጠ እጅስ በምን ይተካል?

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ ግንብ በግንብ ላይ ተጨመረ። የፋሲል ግንብ፣ የኢያሱ ግንብ፣ የምንትዋብ ግንብ እያልን በነገሥታቱ ስም እንጠራቸዋለን። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ኖራውን ያቦካው ሰው ግን ስሙ አልተጻፈም። በጥንቱ ልማድ የአካል ካሣ የሚጠየቀው የመታው ሰው ነበር። ድንጋይ የመታው ሰው ማንን ይከሳል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ዘመናዊው ሕግ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 የሥራ አደጋ መድንን ደነገገች። በእኛም አገር ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወዲህ አዋጅ 64/1968፣ 42/1985፣ 377/1996፣ በመጨረሻም ዛሬ የሚሠራበት 1156/2011 ተከታትለው ወጡ። የአዋጁ ትልቁ ቁም ነገር አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ መሆኑ ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ስሌቱን ልሞክረው። በጡረታም ሆነ በመድን ያልታቀፈ ሠራተኛ ፈጽሞ መሥራት ካቃተው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ በወሰነው መቶኛ ይታሰባል። በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሰው አርባ በመቶ ጉዳት ቢደርስበት ድርሻው 72,000 ብር ነው። ደመወዙ 30,000 ብር ለሆነው ይኸው ጉዳት 720,000 ብር ያወጣል። እጅ የሚተመነው በደመወዝ ነው፤ ድሀው እጁንም በርካሽ ያጣል።

ክርክሩ ግን ከስሌቱ በፊት ይጀምራል። ከዳባት፣ ከደባርቅ ወይም ከጃናሞራ ወርዶ ጎንደር ላይ በቀን ሥራ የተሰማራ ወጣት ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ቢወድቅ፣ ተቋራጩ «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» ሊለው ይችላል። ሕጉ የቃል ውልንም ይቀበላል፤ ነገር ግን ማስረጃ ይሻል። የሚያውቀው ካቦ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ አብረውት የዋሉት ለአጨዳ ተበትነዋል። ቤተ ዘመድ በበኩሉ ወጌሻ ያስጠራል፤ ጠበል ይወስደዋል። ይርጋው በመሠረቱ አንድ ዓመት ነውና ቀኑ ሳይታወቅ ይነጉዳል።

ግንቦቹን የሠሩትን ሰዎች ስም ዛሬ ልንመልሰው አንችልም። ዛሬ የሚሠራውን ሰው ስም፣ የገባበትን ቀንና የቀን ደመወዙን በአንድ መስመር መጻፍ ግን እንችላለን። ያ መስመር ከሌለ የአምስት ዓመቱ ደመወዝም፣ የሐኪሞቹ መቶኛም ለዚያ ወጣት የወረቀት ላይ ወሬ ነው።